ከጥንቸል ጋር ከካርቱም እስከ ጎንደር

ከቤተሰባችን መካከል ሙሉ ሰነድ ይዞ የሱዳንንና የኢትዮጵያን ወሰን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረው ጥንቸል ነው ብል አንባቢ ቀልድ አይምሰለው። እኔ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ ስሻገር የያዝሁት አንድ ፌስታልና ካርቱም አለ የተባለ የአንድ ዘመዴን ስም ብቻ ነበር፤ ጉዞውም በሌሊት፣ በእግር፣ መንገድ እናውቃለን የሚሉ ሰዎችን በመከተል ነበር። ባለቤቴም የመጣችው በዚያው መንገድ ነው። ጥንቸሉ ግን ዕድሜው፣ ቀለሙና ጤንነቱ በዐረብኛ የተጻፈበት፣ የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነበረው።

ጥንቸሉ ወደ ቤታችን የገባው ሊበላ ነው። ያን ጊዜ የምንኖረው ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በካርቱም ዴም ሰፈር ሲሆን፣ በአንድ ግንብ የምንለያያቸው ጎረቤታችን ሁላችንም «ሐጃ» እያልን የምንጠራቸው ሱዳናዊት ባልቴት ነበሩ። ሐጃ በጓሯቸው ጥንቸል ያረባሉ፤ ለገበያ ሳይሆን ለቤታቸውና ለጎረቤት። በ2000 ዓ.ም. ልጄ ከወባ ስታገግም «መረቁ ያበረታታል» ብለው አንድ ነጭ ጥንቸል በካርቶን አድርገው ላኩልን። በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት ጥንቸልን ሐላል ይሉታል፤ በእኛ ዘንድ ግን ከኦሪት ዘሌዋውያን ጀምሮ ከማይበሉት ጋር ተቆጥሯል፤ ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀምና። (በነገራችን ላይ ጥንቸል እንደ ላም አያመሰኳም። ከራሱ የሚወጣውን ለስላሳ በጠጥ መልሶ ይበላል፤ አፉም ሁልጊዜ ስለሚንቀሳቀስ የሚያመሰኳ ይመስላል።) ስጦታ መመለስ ነውር ስለሆነብን ዝም ብለን ተቀበልን። ባለቤቴ ለሌላ ሰው ልትሰጠው ስትሰናዳ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ካርቶኑን አቅፋ አልጋ ሥር ገባች። ከዚያ ሳትወጣ ስም አወጣችለት፤ «ጉጡን» አለችው። በሱዳኖች አነጋገር ጥጥ ማለት ነው። ሐጃ ከወራት በኋላ ጥንቸሉ በግቢያችን ሲዘልል አይተው «እያደለባችሁት ነው፤ ደግ አደረጋችሁ» ብለው ተደሰቱ።

መኪናው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እኔ በአንድ ጋራዥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርሁ። በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና የሚጓዙ ነጮች፣ ከአስዋን በሳምንት አንድ ጊዜ በሚመጣው መርከብ ዋዲ ሐልፋ ደርሰው በኑቢያ በረሃ ወደ ካርቱም ይገቡ ነበር። ብዙዎቹ የሚያርፉት በጥቁር ዓባይ ዳር በነበረው የጀልባ ክበብ ግቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት የተሳተፈችው «መሊክ» የተባለች የእንግሊዞች የጦር ጀልባ የቆመችበት ማለት ነው። የጥገና ሒሳብ ልቀበል ወደዚያ በሄድሁ ቁጥር መኪኖቻቸውን ስመለከት እቆይ ነበር። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ጋን፣ መጋረጃ፤ በአንደኛው ውስጥ ውሻ፣ በሌላው ድመት። ቤቱን እንደ ቀንድ አውጣ ተሸክሞ የሚዞር ሰው፣ እኔ በጨለማ ተደብቄ ያለፍሁትን ወሰን ለሽርሽር ሊያልፈው ሲዘጋጅ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅናትም ንዴትም ያሳድርብኝ ነበር። በመጨረሻ ቅናቱ አሸነፈ።

አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይስ በዱቤ ገዛሁ። የኋላ ወንበሮቹን አስነቅዬ በሰፈራችን አናጺ የጣውላ አልጋ አስገጠምሁ፤ ከአልጋው ሥር ለዕቃ፣ ከበሩ አጠገብ ለቡታጋዝና ለጀሪካን ቦታ አበጀሁ። መጋረጃውን ባለቤቴ ሰፋችው። በአዘቦት ቀን ዕቃ እያመላለሰ ዕዳውን ይከፍላል፤ ዓርብ ዓርብ ግን ቤታችን ይሆናል። ጀበል አውሊያ ግድብ ድረስ እየሄድን፣ ጉጡንን በገመድ አስረን በነጭ ዓባይ ዳር ሣር እናስግጠው ነበር። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ዋጋውን ይጠይቀናል።

በ2001 ዓ.ም. ለፋሲካ ወደ ጎንደር ለመሄድ ወሰንሁ። እናቴ ታማለች ተብሎ ተልኮብኛል፤ የልጅ ልጇንም በዓይኗ አላየቻትም። በዚያን ጊዜ ወረቀቴ ሁሉ ተስተካክሏል፤ ባለቤቴ ግን ከምትሠራበት ቤት ፈቃድ አላገኘችም። ልጄ ያለ ጉጡን አልሄድም አለች። ለሐጃ አደራ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ወደ እንስሳት ሐኪም የሄድሁት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ስለ ጉዞው ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ጥንቸል አያልብም አሉኝ፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአብዛኛው በጆሮዎቹ ነው። ሰላሳ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይጨነቃል፤ የሚያዝያ ካርቱም ደግሞ በቀን አርባን ታልፋለች። አንጀቱም መቆም የለበትም፤ ማስታወክ የማይችል ፍጡር ነው፤ ግማሽ ቀን ምንም ሳይቀምስ ከዋለ ተስፋው ይመነምናል። ስለዚህ በሌሊት ተጓዙ፣ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቡ አስተኙለት፣ ጆሮውን በእርጥብ እጅ ዳብሱት፣ ድርቆሽ ከፊቱ አትለዩ አሉኝ። ከዚያም ያን ባለ ማኅተም ወረቀት ጻፉልኝ። ለሰው ልጅ መንገድ እንዲህ ያለ ምክር የሰጠኝ አልነበረም።

ረቡዕ ሚያዝያ 7 ቀን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ሰሙነ ሕማማት ነበር። ሐጃ ለእናቴ ከርከዴ በከረጢት ይዘው ሊሸኙን ወጡ፤ የሽቦ ቤቱንም ጎንበስ ብለው አዩ። «ለእናትህ ንገራት፤ ብዙ ሽንኩርት፣ ትንሽ የኦቾሎኒ ቅቤ፤ እሳቱ ዝግ ይበል» አሉኝ። እኔም እሺ አልሁ። ሰው እንስሳን ለመብላት ካልሆነ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ተሸክሞ ይሄዳል ብሎ ለሐጃ ማስረዳት አቃተኝ፤ ለራሴም በቅጡ አልተረዳኝም ነበር።

ከካርቱም ወደ ዋድ መደኒ የሚወስደው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአደጋ የታወቀ ነው። የጭነት መኪኖች መብራት ዓይን ያጠፋል። በሶባ በኩል ስናልፍ ከወንዙ ማዶ የጥንቱ የክርስቲያኖች መንግሥት የአልዋ መናገሻ ፍርስራሽ እንዳለ ለልጄ ነገርኋት፤ እርስዋ ግን ጠርሙሱ መቅለጡንና አለመቅለጡን እየዳሰሰች ነበር። ብዙም ሳትቆይ አልጋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሐሳብ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ቆራቢ ናት። በሕማማት፣ ሰው ሁሉ በሚሰግድበት ሳምንት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ጠፍቶ የከረመ ልጅ እርኩስ የተባለ አውሬ አቅፎ ደጇ ሲቆም ታየኝ። ጎረቤቶቿ ሲያንሾካሽኩ ሰማሁ። «ሱዳን ገብቶ ሃይማኖቱን ጣለ» ሲሉ። ሐሳሒሳን አልፈን የገዚራ እርሻ መካከል ስንደርስ መኪናውን ከመንገድ አወጣሁና ሞተሩን አጠፋሁ።

የገዚራን ሜዳ ያላየ ሰው ስፋቱን መገመት ይከብደዋል። የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ካለቀ ወዲህ የዓባይ ውኃ በቦይ እየተከፋፈለ ጥጥ የሚያበቅልበት፣ ኮረብታ የሚባል የማይታይበት ምድር ነው። ውኃው የእኛ ነው፤ ደለሉም እንዲሁ። የሽቦ ቤቱን ይዤ እስከ ቦዩ ዳር ሄድሁ። ሣሩ እርጥብ ነው። ጠዋት ልጄ ስትነሣ በሩ ተከፍቶ አመለጠ እላታለሁ፤ ሣርና ውኃ አለለት፤ ልጅ ደግሞ ትረሳለች። የሰፈር ውሻ ሳይነጋ እንደሚያገኘው አውቄያለሁ፤ በሰው እጅ ያደገ ነጭ ጥንቸል በጨለማ እንደ ፋኖስ ይታያልና። በሩን ከፈትሁ።

ጉጡን አልወጣም። ቆይቶ ቆይቶ ሁለት እርምጃ ያህል ዘለለና ጫማዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። በዚያ ቅጽበት አንድ የጭነት መኪና አለፈ፤ ብርሃኑ ሲመታን ሰውነቱ ደርቆ ቀረ፤ ልቡ ግን በጫማዬ ቆዳ ላይ ሲመታ ተሰማኝ። እኔም ከዓመታት በፊት የጠረፍ ጠባቂዎች መብራት ሲያልፍ ከማሽላ ማሳ ውስጥ እንደዚያው ደርቄ ተኝቼ ነበር። አንሥቼ መለስሁት። ወደ መኪናው ስመለስ የመስኮቱ መጋረጃ ሲወዛወዝ አየሁ፤ ነፋስ መሰለኝ።

መደኒን በእኩለ ሌሊት አለፍን፤ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ምሥራቅ ታጠፍን። ገዳሪፍ ስንደርስ ሊነጋጋ ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት፤ በዘር ወቅትና በአጨዳ ወቅት ከእኛ በኩል የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። እኔም የመጀመሪያውን የሱዳን ገንዘቤን ያገኘሁት እዚያ ሰሊጥ አጭጄ ነው። ልጄ ጉጡን ካርቱም የቀረበለትን ድርቆሽ እንዳልነካ ያየችው እዚህ ነው። ከእንስሳት መኖ ሻጮች አንድ እቅፍ ብርሲም ገዛን፤ ጅርጅርም ጨመርን። አፍንጫው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሰዓት ቆጠርሁ፤ አሥር ሆኗል። የሐኪሙ ቃል በጆሮዬ ይጮህ ጀመር። ቦዩ ዳር ላደርገው የነበረው ነገር ትዝ ሲለኝም ይህ ጭንቀቴ ለራሴ አስቂኝ ሆነብኝ፤ ግን አላሳቀኝም።

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዶካን ስንቃረብ፣ ልጄ የጥንቸሉን ጆሮ በእርጥብ ጨርቅ እየዳበሰች ሳለ፣ ይህን አገር በእግሬ እንዳለፍሁት ነገርኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የነገርኋት። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በዚሁ አቅጣጫ ወርደው ኡም ራኩባ ሰፍረው እንደነበርም ጨመርሁላት። እርስዋ ግን ስለ ብዙ ሺህ አልጠየቀችም።

«አንተስ ውኃ ነበረህ?» አለችኝ።

«እስከ ሁለተኛው ሌሊት ነበረኝ።»

ዝም አለች። ጥቂት ቆይታ «አባዬ፣ በላ!» ብላ ጮኸች። አንዲት የጅርጅር ቅጠል በጉጡን አፍ ውስጥ ቀስ እያለች ትጠፋ ነበር።

ገላባት ስንደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አልፏል። ሃይሱ በሱዳን ታርጋ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባበት ፈቃድ ስላልነበረው ከአንድ የማውቀው ሰው ግቢ አቆምሁት፤ አልጋችን፣ ምድጃችንና መጋረጃችን እዚያው ቀሩ። የሱዳኑ መኮንን ፓስፖርቴን ማኅተም መትቶ ወደ ሽቦው ቤት አየና «ያ ዞል፣ ምሳህ ነው?» ብሎ ሳቀ። በእኛ በኩል ያለው ፈታሽ ደግሞ ጨርቁን ገልጦ አየና፣ ሰው እንዳያየው ሸፍነው አለኝ። ያን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁለት፤ በእጁ አልተቀበለኝም። ከመካከላችን ሰነዱ የተሟላለት ጉጡን ብቻ ሆኖ ሳለ የተደበቀውም እርሱ ብቻ ሆነ።

መተማ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁባት ስፍራ ናት። ቀትር ላይ ሙቀቷ ከካርቱም አያንስም። ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ «ይህ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል» ሲል ከመኪናው ውስጥ ሁለት ሦስት ድምፅ ደገፈው። ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ አንዲት ሴት ልብሷን ሰበሰበች። ከላይ ያለው ቆርቆሮ እጅ ያቃጥላል። መናገር ነበረብኝ፤ ምላሴ ታሰረ። ሰው እንዲህ ሲያየኝ ከዓመታት በፊት የወጣሁት ያ ልጅ ሆንሁ።

የተናገረችው ልጄ ናት። አማርኛው ሁሉ ጠፋት መሰለኝ፣ በዐረብኛ «ሐይሙት! ሐይሙት!» እያለች በሩ ላይ ቆመች። ይሞታል ማለቷ ነው። የመተማ ሾፌር ዐረብኛ አይጠፋውም፤ ዘወር ብሎ አያት፤ ከዚያም ምንም ሳይናገር የሽቦ ቤቱን ተቀብሎ ከራሱ ወንበር አጠገብ፣ በመስኮቱ ነፋስ ፊት አስቀመጠው። ከኋላ የነበሩ አንድ አዛውንት «በሕማማት ፍጥረት አናስጨንቅ» አሉ። ልብሷን የሰበሰበችው ሴት አይከል ስንደርስ ከያዘችው ጉልባን ለልጄ በእጇ ሙሉ ዘገነችላት።

ከመተማ ቆላ እስከ ጎንደር ያለው አቀበት ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ አራት መቶ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጎንደር ግን ከሁለት ሺህ ታልፋለች። ነፋሱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የጉጡን ጆሮ ቀጥ አለ። ልጄ ብርድ የሚባለውን ነገር በተፈጥሮ ያየችው ያን ቀን ነው።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሷ ነበር። አልቅሰን፣ ተሳስመን ከጨረስን በኋላ ዓይኗ ጨርቅ ወደ ለበሰው ነገር ሄደ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ጥንቸል ነው» አልሁ መሬት መሬት እያየሁ።

«ልትበሉት?»

«አይ፣ የልጅቱ ነው።»

«ምን ይበላል?»

«ሣር። ጎመን።»

«ወተት አይጠጣም?»

«አይጠጣም።»

«እንግዲያው ከሁላችሁ ይልቅ ጾሙን የያዘ እርሱ ነው» አለችና ወደ ማድቤት ገባች። ጥቂት ቆይታ የጎመን ቅጠል ይዛ ወጣች። በእጇ አልነካችውም፤ በእንጨት ገፋ አደረገችለት። በበዓሉ ማግሥት ግን ከጓሮ ሣር ስታጭድለት አገኘኋት።

በግንቦት ስንመለስ ጉጡን ጎንደር ቀረ። የወሰነችው ልጄ ናት፤ በዚያ ሙቀት ሁለተኛ አይችለውም አለች። ለሦስት ቀን አኩርፋ ነው የወሰነችው። ከገላባት ሃይሱን አንሥተን በሌሊት ገዚራን ስናቋርጥ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

«አባዬ፣ እዚህ ነበር፣ አይደል?»

«ምኑ?»

«ጉጡንን ያወጣኸው። በመስኮት አይቼሃለሁ።»

በአንድ ወር ውስጥ አማርኛዋ የጎንደር አማርኛ ሆኗል፤ ጥርት ያለ፣ ማምለጫ የማይሰጥ። አዎ፣ እዚህ ነበር አልኋት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ካርቱም ስንገባ ሐጃ በራቸው ላይ ነበሩ። የሽቦው ቤት ባዶ መሆኑን አይተው «ጣፋጭ ነበር?» አሉኝ። ልጄ ገብታ ተኝታለች። «በጣም ጣፋጭ ነበር» አልኋቸው።

ጉጡን በ2007 ዓ.ም. በእርጅና ሞተ፤ እናቴ ጌሾው ሥር አስቀበረችው። እኔና ባለቤቴ ከዚያ በፊት በ2006 ሃይሱን ሸጠን ጎንደር ገብተናል። ልጄ ግን ተወልዳ ያደገችባትን ከተማ መተው አልሆነላትም፤ ከሐጃ ግቢ አንዲት ክፍል ይዛ ትሠራ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን ነው፤ ልክ እኛ ጥንቸል ይዘን በወጣንበት ዕለት፣ በአሥራ አራተኛው ዓመት። የፋሲካ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ስልክ ሲጠራና ሲቋረጥ ማሳለፋችንን ሌላ ጊዜ እጽፈው ይሆናል። በመጨረሻ ልጄ ሐጃን ይዛ ወጣች። መደኒ ያን ጊዜ ገና መሸሸጊያ ነበረች፤ እርስዋም በታኅሣሥ 2016 ተያዘች። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ዶካ፤ ያው መንገድ።

መተማ ላይ ሦስት ቀን ጠበቅኋቸው። በአራተኛው ቀን ድልድዩን በእግር ተሻግረው መጡ። ልጄ በአንድ እጇ ሐጃን ደግፋለች፣ በሌላው ጀሪካን ይዛለች። ሐጃ አንድ ከረጢት ብቻ ነበራቸው። ከጥላው ሥር አስቀመጥናቸው፤ ልጄ ጨርቅ አርጥባ ፊታቸውንና ጆሯቸውን ስትዳብስ ዝም ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሻይ ከጠጡ በኋላ ትንሽ ነፍስ ዘሩና አካባቢውን አዩ።

«ያን ጥንቸል ይዛችሁ ያለፋችሁት በዚህ ነው?» አሉ።

«በዚህ ነው» አለች ልጄ። «ጎንደር ስንሄድ አያቴ የቀበረችበትን ቦታ አሳይዎታለሁ።»

ሐጃ ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ልጄን አዩ፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ለምን ጣፋጭ ነበር አልኸኝ?»